ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የተለወጠች አንዲት ፊደል፦ በኖሚክ ጨዋታችን ረቂቅን ማሻሻል ይፈቀድ?

ደንብ ያዥ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሳብ 318 ላይ የተፈጠረውን አይታችኋል። በግል መልእክት ብዙ ተባብለናል። አሁን ግን ሁላችንም ባለንበት እንነጋገርበት፤ ጉዳዩ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም። የጨዋታችን ቀዳዳ ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ ቀለም ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ ይል ነበር፦ «ተራው የደረሰው ተጫዋች በ5 ቀን ውስጥ ሐሳብ ካላቀረበ፣ ዳኛው ምክንያቱን አይቶ ይፈርድለታል።»

አራት ሰዎች ደገፉት። ሌሊት ላይ ቀለም ጽሑፉን መልሶ ሲያነበው ስሕተት አየ። ሊጽፍ የፈለገው «ይፈርድበታል» ነበር። ገብቶ አረመው። «ለ» ወጣች፣ «በ» ገባች፤ ሌላ የተነካ ነገር የለም። ጠዋት ሁለት ሰዎች ደገፉ፣ አንድ ሰው ተቃወመ። ከሰዓት በኋላ እንጆሪ መጥታ «እኔ የደገፍኩት ይሄን አይደለም» አለች።

ዘጠኝ ነን። ለማጽደቅ አምስት ድምፅ ይበቃል። ስድስት ድጋፍ አለ። ግን ስድስቱ የደገፉት አንድ ጽሑፍ ነው ወይስ ሁለት? መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንነጋገር። አንደኛው የ318 ዕጣ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው፣ ተጫዋች ያቀረበውን ረቂቅ ማሻሻል ይችል እንደሆነና መቼ እንደሚችል ነው።

ጀማሪ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ገና አልገባሁም። የማነብ ብቻ ነኝ። ኖሚክ ምን እንደሆነ በአጭሩ የሚነግረኝ አለ? ሕግ እያወጣችሁ የምትጫወቱ መሆኑ ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ ግን ጠፋብኝ።

ደንብ ያዥ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ጥያቄህ በሰዓቱ ነው የመጣው።

ኖሚክን የፈጠረው ፒተር ሱበር የሚባል ፈላስፋ ነው። አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ በኧርልሃም ኮሌጅ ያስተምር ነበር። ጨዋታው ለሕዝብ የወጣው ሰኔ 1982 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዳግላስ ሆፍስታተር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት በነበረው አምድ ላይ ነው። ሱበርን ያሳሰበው ጥያቄ ሕግን የሚያሻሽል ሕግ ራሱን ማሻሻል ይችላል ወይ የሚል ነበር። ጥያቄውን በጨዋታ መልክ አስቀመጠው።

ጨዋታው በ29 ሕጎች ይጀምራል። ከ101 እስከ 116 ያሉት 16ቱ ጽኑ ናቸው። ከ201 እስከ 213 ያሉት 13ቱ ተለዋዋጭ ናቸው። ተራህ ሲደርስ አንድ የሕግ ለውጥ ታቀርባለህ፤ አዲስ ሕግ፣ ማሻሻያ ወይም ሽረት። የመጀመሪያው ሐሳብ ቁጥር 301 ነው፣ ከዚያ በተራ ይቀጥላል። ድምፅ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። ሁለት ሙሉ ዙር ካለቀ በኋላ፣ ሌላ የተደነገገ ነገር ከሌለ፣ ተራ አብላጫ ይበቃል። እኛ አሁን እዚያ ነን። 100 ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል።

ለዛሬው ጉዳይ አራት ሕጎችን ያዝልኝ። ሕግ 106 ማንኛውም ሐሳብ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በጽሑፍ ይስፈር፣ ከጸደቀም ድምፅ በተሰጠበት መልኩ ይሠራ ይላል። ሕግ 111 ደግሞ ሐሳቡ ግልጽ ካልሆነ ሌሎች ከድምፁ በፊት ማሻሻያ መጠቆም ይችላሉ፣ በቂ ጊዜም ይሰጣቸው፣ የመጨረሻውን መልክ ግን አቅራቢው ይወስን ይላል። ሕግ 204 በአብላጫ በጸደቀ ሐሳብ ላይ ለተቃወሙት ለእያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ይሰጣል። ሕግ 206 ሐሳቡ የወደቀበትን አቅራቢ 10 ነጥብ ይቀንስበታል።

አየህ፣ «ይቀንስበታል» ነው ያልኩት። «ይቀንስለታል» ብል ትርጉሙ ይገለበጣል። የ318 ጣጣም ይሄው ነው።

ቀለም · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

እኔ ነኝ ያረምኩት። ማንንም ለማታለል አልነበረም። የፊደል ግድፈት መሰለኝ። የፊደል ግድፈትን ማረም ደግሞ ሁሌም የምናደርገው ነገር ነው። ሐሳብ 312 ላይ «ነጥብ» የሚለው «ነጥበ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ ተስተካከለ፣ ማንም አልተናገረም።

እንጆሪ፣ ከልቤ ይቅርታ። ሕጉ የታሰበው ተራ ይዘው ለሚጠፉ ሰዎች ነው። ሦስት ሳምንት የጠበቅንባቸው ዙሮች ነበሩ። አንድ ሰው ሲጠፋ ሌሎቻችን ዝም ብለን መቀመጥ የለብንም ብዬ ነው። አሁንም በዚህ አምናለሁ።

እንጆሪ · ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 9:15

ቀለም፣ ክፋት እንደሌለህ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ አብረን ነን።

ግን የእኔን ስማ። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ በሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ከእናንተ ጋር 7 ሰዓት እንለያያለን፣ በእነሱ ክረምት ደግሞ 8። «ዳኛው ምክንያቱን አይቶ ይፈርድለታል» የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ። በሥራ ተይዞ ለዘገየ ሰው መከላከያ መስሎኝ ነው የደገፍኩት። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህም ሆኖ ሙሉ ትርጉም አለው እኮ! ማንም ሰው ቢያነበው ግድፈት አለበት አይልም። ስነሳ የእኔን ድምፅ እኔኑ የሚያስቀጣ ሕግ ሥር አገኘሁት።

«ነጥበ»ን «ነጥብ» ማድረግና «ለ»ን «በ» ማድረግ አንድ አይደለም። በአማርኛ አንድ ፊደል ሰውን ይፈታል፣ አንድ ፊደል ሰውን ያስራል። ተፈረደለት፣ ተፈረደበት። መሰከረለት፣ መሰከረበት። ስለዚህ «የፊደል እርማት ይፈቀድ» የሚል ሕግ ቢመጣ እቃወማለሁ። የትኛዋ ፊደል ተራ ግድፈት፣ የትኛዋ ፊደል ፍርድ እንደሆነች ማን ይለያል?

የድሮ ጸሐፊ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:50

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። አብዛኛውን ዘመኔን በታይፕ መኪና ነው የሠራሁት። እኛ ዘንድ «ስርዝ ድልዝ» የሚባል ነገር ነበር። ውል ሲዋዋሉ መጨረሻ ላይ «ስርዝ ድልዝ የለውም» ተብሎ ይጻፋል። የግድ መሰረዝ ካለበት ደግሞ ቃሉ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አዲሱ ከላይ ይጻፋል፣ ተዋዋዮቹ ሁሉ ጎኑ ላይ ይፈርሙበታል። ፊርማ የሌለበት ስርዝ ዋጋ የለውም።

ለምን እንደዚያ እንደተደረገ ልንገራችሁ። ወረቀት ስሕተትን ይሸከማል። ሰው ነው የጻፈው፣ ይሳሳታል። ወረቀት የማይሸከመው ስሕተት እንዳልነበረ መሆኑን ነው። የተሰረዘው ቃል መነበብ ያለበት ለዚህ ነው። የፈረመው ሰው ምን ላይ እንደፈረመ፣ በኋላ ምን እንደተለወጠ፣ የልጅ ልጁ ሳይቀር ያያል።

ይህ የእናንተ «ኤዲት» የሚባል ነገር ስርዝም ድልዝም የለውም። ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እኔን ያስፈራኝ ንጽሕናው ነው። ቀለም ልጄ ቅን ሰው ነው። ነገ ግን ቅን ያልሆነ ሰው በዚሁ መንገድ ቢመጣ በምን እንይዘዋለን?

ሦስት ማዕዘን · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:20

ጋሼ ያሉት ነገር በቴክኒክም ትክክል ነው። ፕሮግራም ስንጽፍ ማንኛውም ለውጥ ከነታሪኩ ነው የሚቀመጠው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደቀየረ ይታያል። እዚህ መድረክ ላይ ግን «ተስተካክሏል» የምትል ትንሽ ምልክት ብቻ ናት የምትታየው። ምን እንደተስተካከለ አትናገርም።

ሌሎች ምን አድርገው እንደፈቱት ላካፍላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የምከታተላቸው ሁለት ጨዋታዎች አሉ።

አጎራ የሚባለው ከሰኔ 30 ቀን 1993 ጀምሮ፣ በአውሮፓውያኑ ነው የምለው፣ እስካሁን ይጫወታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። የሚጫወቱት በኢሜይል ነው። የተላከ ኢሜይል አይታረምም። ይሄ ነገር በአጋጣሚ ጥሩ ባህል አወጣላቸው። ሰው መጀመሪያ ረቂቁን ለውይይት በተለየው ዝርዝር ላይ ይልካል። «ይሄ ገና ሐሳብ አይደለም፣ ቅድመ ሐሳብ ነው» ይላል። ሌሎች ይበጣጥሱታል። ቃል ይጠቁማሉ፣ ቀዳዳ ያሳያሉ። ከዚያ ነው በይፋ የሚያስገባው። በይፋ ገብቶ ስሕተት ከተገኘ ማንሳትና አዲስ ማስገባት ነው። የተሰራጨውን ጽሑፍ ግን ማንም ከመሃል አይነካውም።

ብሎግኖሚክ የሚባለው ደግሞ በ2003 የተጀመረ ነው። እንደ እኛ ፖስት እያደረጉ ነው የሚጫወቱት፣ ስለዚህ ኤዲት ማድረግ ይቻላል። እነሱ መስመሩን ያሰመሩት ድምፅ ላይ ነው። ዝርዝሩን በየጊዜው ቢቀያይሩትም ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ ፖስቱ ትኩስ ሆኖ ማንም ድምፅ ካልሰጠበት አቅራቢው ያርማል፤ ድምፅ ከተሰጠበት አይነካም። አቅራቢው ሐሳቡ እንደተበላሸ ካየ ራሱ በራሱ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ይሰጥና ይጥለዋል። አዲስ ያቀርባል።

አንድ የወደድኩላቸው ብልሃት አለ። አቅራቢው ጽሑፉ ውስጥ አስቀድሞ አማራጭ ይከትበታል። ለምሳሌ፦ «ድጋፍ ከሰጡት አብዛኞቹ ድምፃቸው ላይ ‹ቀላል› ብለው ከጻፉ፣ ቅጣቱ 5 ሳይሆን 2 ነጥብ ይሁን»። ጽሑፉ አልተለወጠም። ግን ድምፅ ሰጪዎቹ ራሳቸው አሻሻሉት። የሚጸድቀውም ድምፅ የተሰጠበት ጽሑፍ ስለሆነ ሕግ 106 አይጣስም።

እንጆሪ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:40

ይሄ አማራጭ የመክተቱ ነገር በጣም ጥሩ ነው። ግን የሚሠራው አቅራቢው ክርክሩ የት ላይ እንደሚነሳ አስቀድሞ ሲገምት ነው። «ለ» እና «በ»ን ማን ይገምታል?

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥር ያለው ነገር አለ። ሱበር ጨዋታውን ሲያስብ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነው። አንዱ ሐሳቡን ያነባል። ሌላው «ይሄ ቃል አልገባኝም» ይላል። አቅራቢው እዚያው ያስተካክላል። አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ እጅ ይወጣል። ክርክሩ ሌላ ሰዓት ነው፣ ድምፁ ሌላ ሰዓት ነው። ሕግ 111 «ከድምፁ በፊት» የሚለው ይሄን እያየ ነው።

እኛ ጋ ሁለቱን አንድ ላይ አደባለቅናቸው። ፖስት በተደረገበት ደቂቃ ድምፁም ይጀምራል። አዲስ አበባ ያለው ሻይ እየጠጣ ይደግፋል። እኔ ስነሳ አራት ድምፅ ተሰጥቷል። ጥያቄ ብጠይቅ ለማን ነው? ቢሻሻልስ የእነዚያ አራቱ ድምፅ ምን ይሆናል? ስለዚህ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ማሻሻል ይፈቀድ አይፈቀድ አይደለም። መፈቀድማ አለበት! ሐሳብ 309ን አስታውሱ። «ድምፅ መስጫው እስከ ማክሰኞ 3 ሰዓት» ይል ነበር። አንዳንዱ ጠዋት 3 ሰዓት አለ፣ አንዳንዱ ማታ 3 ሰዓት። እኔ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሬ ከቀኑ 9 ሰዓት መሰለኝ። ሦስት ዓይነት ሰዓት! ማንም እንዳያርመው ስለተባለ እንዳለ ጸደቀ፣ አንድ ሳምንት ተጨቃጨቅን። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እኮ እዚህ ሌሊት 8 ሰዓት ነው።

ማሻሻያው ከድምፁ በፊት የራሱ ቤት ያስፈልገዋል። እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው።

የማለዳ ወፍ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:00

የዚህ ተራ ዳኛ እኔ ነኝ። በሕግ 212 መሠረት ከአቅራቢው በፊት ተራው የነበረው ሰው ነው የሚዳኘው። ስለ 318 ውሳኔዬ ይሄ ነው።

ለድምፅ የቀረበው የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፤ «ይፈርድለታል» የሚለው። ድምፅ ከተጀመረ በኋላ ጽሑፍ መለወጥ የሚፈቅድ ሕግ የለንም። «ያልተከለከለ ሁሉ የተፈቀደ ነው» የሚለው ሕግ 116 አለ ትሉኛላችሁ። ግን ሕጉ ራሱ አንድ ነገር ለይቶ አስቀርቷል፣ እሱም ሕግ መለወጥን ነው። ሕግ መለወጥ የሚቻለው ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ እርማቱ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

የመጀመሪያዎቹ አራት ድምፆች ይጸናሉ። ከእርማቱ በኋላ የሰጡት ሦስቱ ያነበቡት ጽሑፍ ለድምፅ አልቀረበም። ድምፃቸው ተመልሶላቸዋል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ይስጡ። ያልሰጡትም እንዲሁ።

ነገ የምናወጣው ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ 318ን አይነካም፤ ሕግ 107 ይከለክላል። ውሳኔዬን ለመሻር የሌሎቻችሁ ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል።

ቀለም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

ውሳኔውን ተቀብያለሁ። ያስቀመጠኝ ቦታ ግን ከባድ ነው።

ጽሑፉ እንዳለ ከጸደቀ ያላሰብኩት ሕግ ይወጣል። ተራ ይዞ የጠፋ ሰው ሁልጊዜ የሚፈረድለት ይሆናል። እኔ ልዘጋው የፈለግኩትን በር በገዛ እጄ በሰፊው እከፍተዋለሁ። ከወደቀ 10 ነጥብ አጣለሁ። 61 ነጥብ አለኝ፣ ወደ 51 እወርዳለሁ።

በራሴ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ሰጥቻለሁ። እናንተም እንድትቃወሙ እለምናለሁ። የተበላሸ ሕግ መዝገብ ውስጥ ከሚገባ 10 ነጥቡ ይቅርብኝ።

ደንብ ያዥ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

318 በ4 ድጋፍና በ5 ተቃውሞ ወድቋል። ቀለም 51 ነጥብ። መዝግቤያለሁ። ቀለም፣ እጄን እነሳልሃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው እንሂድ። ተራው የእኔ ነው፣ ሐሳብ 319ን በዚህ ጉዳይ ላይ ላውለው አስቤያለሁ። የእንጆሪን «የራሱ ቤት» እና የጋሼን ስርዝ ድልዝ አንድ ላይ ማምጣት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ከመጻፌ በፊት ግን የምትፈሩትን ንገሩኝ።

እኔ የምፈራውን ላስቀድም። ሕግ 204 እና 206 አንድ ላይ ሲነበቡ አቅራቢውን ያስጨንቁታል። ከወደቀ 10 ያጣል። ስለዚህ ድምፅ እየተሰጠ ማሻሻል ቢፈቀድለት፣ እያንዳንዱን ለማስደሰት ቃል በቃል ሲቀያይር ይውላል። ተቃዋሚም «ለእኔ 5 ነጥብ የሚሰጥ መስመር ካልጨመርክ አልደግፍም» ይላል። ሕግ መሆኑ ይቀርና ገበያ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አምስት ድጋፍ ከሰበሰቡ በኋላ ጽሑፉን መለወጥ ነው። ድምፅ ሲጀመር ጽሑፉን የሚዘጋ ቁልፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስት ማዕዘን · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

የእኔ ፍርሃት ፍጥነት ነው። አስሉት። ረቂቁ 3 ቀን፣ ድምፁ 4 ቀን ቢሆን አንድ ተራ 7 ቀን ይወስዳል። ዘጠኝ ሰው፣ 63 ቀን። አንድ ዙር ከሁለት ወር በላይ! ሰው ይሰለቻል፣ ጨዋታው ይሞታል። ቀለም 318ን ያመጣው በዝግታችን ተማርሮ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ሰው እጁን የከተተበት ረቂቅ ጣዕም ያጣል። የኖሚክ ደስታ አንድ ሰው ያላሰብነውን ነገር ይዞ ሲመጣ ነው። ሐሳብ 304 ነጥብ ማበደርን ሲያመጣ አስቀድመን ብንወያይበት ኖሮ «ይሄ ይቅር፣ ያ ይቅር» ብለን እንገድለው ነበር። አሁን ግን የምንወደው ሕግ እሱ ነው።

እንጆሪ · ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 10:05

ለፍጥነቱ መልስ አለኝ፣ መልሱም ከሱበር ከራሱ ነው። ሕግ 210 ተጫዋቾች ስለ ወደፊት የሕግ ለውጥ እንዳይመካከሩ ይከለክላል። ግን ወረድ ብሎ ይሄ ክልከላ በፖስታ ወይም በኮምፒውተር በሚደረግ ጨዋታ ላይ አይሠራም ይላል! ሰውየው ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ አስቦበታል።

ይሄ ማለት ረቂቄን ተራዬ እስኪደርስ መደበቅ የለብኝም። የሌላው ሐሳብ ድምፅ እየተሰጠበት እያለ የእኔን ረቂቅ መክፈት እችላለሁ። ሦስቱ ቀን በሰው ተራ ውስጥ ያልቃል። ተራዬ ሲደርስ ተቆልፎ ይጠብቃል። 63ቱ ቀን ወደ 36 ይወርዳል፤ ዛሬ ያለንበት ፍጥነት ማለት ነው።

ስለ ጣዕሙ ግን ሦስት ማዕዘን ትክክል ነህ። እኔም 304ን እወደዋለሁ። እሱን ስጋት መካድ አልፈልግም።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። አቅራቢው እምቢ ቢልስ? ዘጠኛችንም ቃሉ ስሕተት ነው ብንለው፣ አልቀይርም ቢል፣ በአብላጫ ድምፅ ረቂቁን ማሻሻል አንችልም? ፓርላማ ውስጥ እኮ ረቂቅ አዋጅ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ ተሻሽሎ ይመለሳል።

ደንብ ያዥ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:00

እህቴ፣ ያንን ማድረግ አንችልም። የመጨረሻውን መልክ አቅራቢው ይወስናል የሚለው ሕግ 111 ጽኑ ነው። እኔ የማቀርበው ተለዋዋጭ ሕግ ከጽኑ ጋር ከተጋጨ በሕግ 110 መሠረት ፉርሽ ነው። መጀመሪያ 111ን ወደ ተለዋዋጭነት ማውረድ አለብን፣ ለዚያ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል።

ደግሞ ቢቻልም አልፈልገውም። ሐሳቡ ሲወድቅ 10 ነጥብ የሚያጣው እሱ ብቻ ነው። የሚቀጣው እሱ ከሆነ ብዕሩም የእሱ ይሁን። እምቢ ካለ እንቃወማለን፣ አበቃ።

የድሮ ጸሐፊ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:45

ስለ ጽኑ ሕግ ካነሳችሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 105 ላይ ያለውን ተመልከቱ። በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መብቶች ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ፣ የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። ለሌሎቹ አንቀጾች ሥርዓቱ ከዚህ ይላላል። ታዲያ በከባዱ በር ከሚያልፉት መካከል አንቀጽ 104 እና ራሱ አንቀጽ 105 አሉበት። የማሻሻያው በር ራሱን በራሱ ቆልፏል። የእናንተ ሱበር የጠየቀው ጥያቄ እዚህ አገር ቤትም አለ።

ስለዚህ ምክሬ፣ ይህ ሕግ ከጸደቀና አንድ ሁለት ዙር ከተፈተነ በኋላ ጽኑ ይሁን። ዛሬ አይሁን፤ ያልተፈተነ ነገር አይጸናም። ከተፈተነ በኋላ ግን በአምስት ሰው ስሜት የሚፈርስ መሆን የለበትም።

ቀለም · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:20

አንድ ነገር ከራሴ ደርሶብኛልና ልናገር። ከተቆለፈ በኋላ ስሕተት ያየ አቅራቢ መውጫ ይኑረው። እኔ የገዛ ሐሳቤን በመቃወም ነው የወጣሁት፣ 10 ነጥብ ከፍዬ። ማንሳት ቢፈቀድ ጥሩ ነበር።

ግን በነፃ አይሁን። በነፃ ከሆነ፣ መሸነፉን ያየ ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት ያነሳል፣ 206 ባዶ ይቀራል። ትንሽ ዋጋ ይኑረው፣ ጊዜም ይገደብ።

ደንብ ያዥ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4:00

ጽፌዋለሁ። ይሄ ሐሳብ 319 አይደለም። ረቂቅ ነው፣ ቁጥር የለውም። ይሄን ማድረግ ዛሬም በ111 ይፈቀዳል። ማንም ድምፅ እንዳይሰጥበት።

ረቂቅ 1

«ተጫዋች ሐሳቡን ተራው ከመድረሱ በፊት ቁጥር ሳይሰጠው በረቂቅነት ማቅረብ አለበት። ረቂቁ ቢያንስ ለ72 ሰዓት ክፍት ይሆናል። ማንኛውም ተጫዋች ማሻሻያ ሊጠቁም ይችላል፤ የመጨረሻውን መልክ የሚወስነው አቅራቢው ነው። ጽሑፉ በተለወጠ ቁጥር አሮጌው ሳይጠፋ ከሥሩ ይቆያል። አቅራቢው ‹ይቆለፍ› ሲልና ተራው ሲደርስ ደንብ ያዡ ጽሑፉን ገልብጦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በራሱ ፖስት ለድምፅ ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ አንዲት ፊደል አትለወጥም። አቅራቢው ከግማሽ የማይበልጡ ተጫዋቾች ድምፅ ሳይሰጡ ሐሳቡን ማንሳት ይችላል፤ ካነሳም 3 ነጥብ ይቀነስበታል። የሰዓት ገደብ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ጠዋት ወይም ማታ ተብሎ ይጻፋል።»

ጽሑፉን በራሴ ፖስት የምገለብጠው አቅራቢው መልሶ እንዳይነካው ነው። እኔን የምትጠረጥሩ ከሆነ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሦስት ማዕዘን · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5:15

የሚጸድቅ ይመስለኛል። የ304ን ነገር ግን አሁንም አልተውኩም። 72 ሰዓቱ እንዳለ ሆኖ፣ አቅራቢው «ጥቆማ አልፈልግም፣ ፊደል ብቻ እዩልኝ» ማለት ይችላል ወይ? በሕጉ ውስጥ ባይጻፍም ባህል ብናደርገው ደስ ይለኛል።

የማለዳ ወፍ · ዓርብ፣ ከቀኑ 6:40

እዚህ ዱባይ የምሳ ሰዓት ላይ ነው ያነበብኩት። ጥሩ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ አይተውታል?

የድሮ ጸሐፊ · ዓርብ፣ ከቀኑ 8:30

አየሁት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ከግማሽ የማይበልጡ ተጫዋቾች ድምፅ ሳይሰጡ» የሚለው ቦታ ላይ ቆምኩ። ልጄ፣ ይህ ምን ማለት ነው? ድምፅ ያልሰጡት ከግማሽ ሳይበልጡ ነው ወይስ ድምፅ የሰጡት? በአንዱ ንባብ አቅራቢው የሚያነሳው መጀመሪያ ላይ ነው፣ በሌላው ንባብ መጨረሻ ላይ ነው። ደግሞ ዘጠኝ ሰው እንዴት ይገመሳል? በቁጥር ጻፈው። «አምስተኛው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት» በል።

ደንብ ያዥ · ዓርብ፣ ከቀኑ 8:55

ልክ ነዎት ጋሼ። እኔ በልቤ የያዝኩት አንዱን ብቻ ስለነበር ሌላው ንባብ ፈጽሞ አልታየኝም።

ረቂቅ 2

«... አቅራቢው አምስተኛው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሐሳቡን ማንሳት ይችላል፤ ካነሳም 3 ነጥብ ይቀነስበታል። ...»

የተሰረዘው፦ «ከግማሽ የማይበልጡ ተጫዋቾች ድምፅ ሳይሰጡ»። የጠቆሙት የድሮ ጸሐፊ። ሌላው እንዳለ ነው። ረቂቅ 1 ከላይ አለ፣ አልነካሁትም። 72ቱ ሰዓት ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ያልቃል።

እንጆሪ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:20

አሁን ተነስቼ ነው ያየሁት። «ይቀነስበታል» የሚለው ትክክል መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የተጫዋቹ ቁጥር ከዘጠኝ ቢጨምርስ? ጀማሪ ሊገባ ይችላል እኮ።

ጀማሪ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:45

መግባት እፈልጋለሁ። ከገባሁ አሥር እንሆናለን፣ ለማጽደቅም ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል ማለት ነው። «ሐሳቡን ለማጽደቅ የሚበቃው ድምፅ ቁጥር ከመሙላቱ በፊት» ቢባልስ? ድጋፍም ተቃውሞም ተቆጥሮ ማለቴ ነው።

ደንብ ያዥ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:10

ረቂቅ 3ን እየጻፍኩ ነው። የጠቆመው ብዬ ስምህን አስገባለሁ።